አክተሩ የማይሞትበት ተርሚኔተር

ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የጅማ ልጅ ነኝ። ተርሚኔተር 1ን እና 2ን ስንቴ እንዳየሁ አላውቅም። ባለፈው ቅዳሜ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ተርሚኔተር ጄኒሲስን አየን። አርኖልድ አለ፣ ሳራ ኮነር አለች፣ ብሩም እንደ ጉድ ፈሶበታል። ሲያልቅ ግን ምንም አልተሰማኝም። ወንድሜ ስምንተኛ ክፍል ነው፣ ‹ስላረጀሽ ነው› አለኝ። ችግሩ እኔ ጋ ነው ወይስ ፊልሙ ጋ? ከእሱ ቀጥሎ የወጣውንስ ልየው ወይስ ይቅርብኝ?»

እህቴ፣ ችግሩ አንቺ ጋ አይደለም። አላረጀሽምም። ፊልሙ ነው ምንም ያልሰጠሽ።

ማን እየመለሰልሽ እንደሆነ እንድታውቂ ያህል፣ ሥራዬ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ ነው። እዚሁ ጅማ የሰርጉንም የአጭር ፊልሙንም ስቆርጥ ስቀጥል ብዙ ዓመት ሆኖኛል፣ ስክሪፕት መጻፍ ለሚፈልጉ ልጆችም የማውቀውን አካፍላለሁ። ይህን ፊልም ደግሞ ሦስት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ የመጀመሪያውን ለራሴ፣ ሁለቱን የት ላይ እንደተበላሸ ለመፈለግ። መልሴ ረዘም ይላል፣ ታገሺኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ በእኛ ሲሆን እነግርሻለሁ።

ተርሚኔተር 2ን መጀመሪያ ያየሁት በእኛ 1988 ክረምት ላይ ነው፣ ሂርማታ መርካቶ አካባቢ በነበረ አንድ ቪዲዮ ቤት። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መቀመጫው አግዳሚ ወንበር። የጅማን ክረምት ታውቂዋለሽ። ፊልሙ ተጀምሮ አሥር ደቂቃ ሳይሞላው ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀመረ፣ ከዚያ በኋላ ከቴሌቪዥኑ አንድ ቃል አልሰማንም። ቢሰማንም አብዛኞቻችን እንግሊዝኛ አናውቅም ነበር። ግን ሁሉም ነገር ገባን። ሁሉም!

አርኖልድ በ1 ላይ ገዳዩ ማሽን ነበር፣ ስለዚህ ሞተር ሳይክል ላይ ሲወጣ ፈራነው። ሌላው ቀጭን ሰውዬ የፖሊስ ልብስ ለብሷል፣ እንግዲህ ጠባቂው እሱ ነው አልን። ሁለቱም አንድ ልጅ ይፈልጋሉ። ልጁ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ባለች ጠባብ ኮሪደር ሲሮጥ አርኖልድ የጽጌረዳ ካርቶን ይዞ ከፊቱ ብቅ ይላል፣ ካርቶኑ ይከፈታል፣ ጠመንጃ ይወጣል፣ ልጁ ዞሮ ሊሸሽ ሲል ፖሊሱ ከኋላው ሽጉጥ ይዞ ቆሟል። ከዚያ አርኖልድ ልጁን ጎንበስ አድርጎ ፖሊሱን ተኮሰው። ቤቱ በአንድ ጊዜ ጮኸ! ጠላታችን ያልነው ወዳጅ፣ ጠባቂ ያልነው ገዳይ ሆኖ ተገኘ፣ ይህን ደግሞ ማንም በአፉ አልነገረንም። ዓይናችን ነው የነገረን።

ዛሬም ኤዲት ስሠራ የማደርገው ይህንኑ ነው። ድምፁን አጥፍቼ አያለሁ። ሰው ምን እንደፈለገ፣ ምን እንዳጣ ያለ ድምፅ ካልታየ ሲኑ ገና አልተሠራም። አንድ ቀን ከልጆቹ ጋር ያንን ኮሪደርና ከጄኒሲስ የድልድዩን ሲን፣ የትምህርት ቤት አውቶቡሱ የሚገለበጥበትን፣ ድምፅ ዘግተን አየንና ምን እንደተፈጠረ ጻፉ አልኳቸው። ስለ ኮሪደሩ አንዱ ግማሽ ገጽ ጻፈ፣ ልጁ ማንን ማመን እንዳቃተው ሳይቀር። ስለ ድልድዩ ከአንድ መስመር የዘለለ የለም። «አውቶቡስ ተገለበጠ።» ልጆቹ ሰነፎች ሆነው አይደለም። ከዚያ በላይ የሚጻፍ ነገር አልነበረውም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «አክተር አይሞትም» የሚባለውን ታውቂዋለሽ። በእኛ ቪዲዮ ቤት ሕግ ነበር። ጓደኛሽ ሲጨነቅ «አይዞህ፣ አክተር አይሞትም» ትይዋለሽ፣ ይረጋጋል። ተርሚኔተር 1 ይህን ሕግ ሰበረው። በ1984 ጄምስ ካሜሮን በ6.4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሠራው ፊልም ነው፣ ለዘመኑም ትንሽ ገንዘብ ነው። አክተሩ ካይል ሪስ ነው። የወደፊቱን መሪ የጆንን እናት፣ ሳራን፣ ከገዳዩ ማሽን ሊጠብቅ ከወደፊቱ የመጣው፣ የሚዋጋው፣ የሚያፈቅረው እሱ ነው። ፊልሙ ሳያልቅ ይሞታል። ሳራ እግሯ ቆስሎ፣ እየዳኸች፣ ማሽኑን ራሷ መጭመቂያ ውስጥ አስገብታ ትጨርሰዋለች። አስተናጋጅ ሆና የጀመረች ልጅ ናት። መጨረሻ ላይ እርጉዝ ናት፣ ብቻዋን መኪና ትነዳለች፣ ከፊቷ ማዕበል አለ።

2ኛው ደግሞ ያንኑ ሕግ የባሰ ሰበረው። አርኖልድ ተሸንፎ አይደለም የሚሞተው። አሸንፎ ነው። ራሱን ማጥፋት ስለማይችል ሳራን ለምኖ ቀልጦ በሚፈላው ብረት ውስጥ ይወርዳል፣ ልጁ እያለቀሰ። አውራ ጣቱን ያሳያል። እኛ ቤት ያን ጊዜ ዝናቡ ብቻ ነበር የሚሰማው። ከእኔ አጠገብ የተቀመጠው የጎረቤታችን ልጅ ፊቱን በጃኬቱ ሸፍኖ አለቀሰ፣ የዚያን ቀን የሳቀበት ሰው ደግሞ የለም።

እህቴ፣ የሁለቱ ፊልሞች ጉልበት ይህ ነው። ሰዎቹ ዓለምን ያድናሉ፣ ግን ከፍለው ነው። 1 ላይ ካይል ከፈለ። 2 ላይ ሳራ አእምሮዋን ልታጣ ደርሳ፣ የአእምሮ ሕክምና ቤት ታስራ፣ ልጇን ማቀፍ እስኪያቅታት ደንዝዛ እናገኛታለን፣ ይህም ክፍያ ነው፣ እንዲያውም ትልቁ።

ጄኒሲስ ምን አደረገ? የተከፈለውን ሁሉ መለሰ።

ፍትሐዊ ልሁን፣ አጀማመሩ ጥሩ ነው። ዳይሬክተሩ አለን ቴይለር የ1984ቱን የመጀመሪያ ሲኖች ሾት በሾት እንደገና ቀርጿቸዋል። ወጣቱ አርኖልድ ራቁቱን ይመጣል፣ ፊቱ በኮምፒውተር የተሠራ ነው፣ ከዚያ ሽማግሌው አርኖልድ «ስጠብቅህ ነበር» ብሎ ይቀበለዋል። እዚያ ላይ እኔም ደስ ብሎኛል። የማሽኑ ሥጋ እውነተኛ ሥጋ ስለሆነ ያረጃል የሚለው ሐሳብም ብልህ ነው። ሽማግሌው በ1973 የዘጠኝ ዓመቷን ሳራ አድኖ አሳድጓታል፣ ፈገግ ለማለት ይሞክራል አይሆንለትም፣ እሷም እንደ አባት ትጠራዋለች። አርኖልድ በሚቀረጽበት ጊዜ ወደ 67 ዓመቱ ነበር፣ በፊቱም ብዙ ነገር ይናገራል። ይህን ሁለቱን ብቻ ይዘው ቢሠሩት ኖሮ ዛሬ ሌላ ነገር ነበር የምጽፍልሽ።

ግን ካይል ሊያድናት ሲመጣ እሷ ናት በመኪና የሱቁን መስታወት ሰብራ ገብታ የምታድነው። ለአንድ ሲን ያስደስታል። ከዚያ ግን ፊልሙ ባዶ እጁን ይቀራል፣ ምክንያቱም ሳራ የምትሆነውን ሆና ጨርሳለች። አስተናጋጇ ልጅ ስትፈራ፣ ስትሸሽ፣ ስትጠነክር አናይም። ከጀመረችበት ያው ሆና ትጨርሳለች። ካይልም አይሞትም። አርኖልድም መጨረሻ ላይ ተበታተነ ስንል በፈሳሽ ብረት ታድሶ፣ ከበፊቱ በርትቶ ይመለሳል። 2ኛው ላይ አልቅሰንለት የነበረው ሞት እዚህ እንደ ስልክ አፕዴት ሆነ። አንቺ «ምንም አልተሰማኝም» ያልሽው እዚህ ጋ ነው። አክተር አይሞትም ተባለ፣ ልብሽ ተረጋጋ፣ ተረጋግቶ ቀረ።

የሚያናድደኝ ግን ከዚህም ይበልጣል፣ 2 ላይ አርኖልድ የጠበቀው የሳራ ልጅ፣ የጆን ነገር። አስቢው እስኪ። ገና ልጅ ያልወለደች ሴት አለች። ወደፊት የምትወልደው ልጅ ጎልማሳ ሆኖ፣ ሰውነቱ ተወስዶ ማሽን ሆኖ ሊያጠፋት ይመጣል። እሷም ልታጠፋው ነው። ያላረገዘችውን ልጅ! ይህን ታሪክ ቡና እያፈላች ላለች እናት ብትነግሪያት ጀበናው እስኪገነፍል ታዳምጥሻለች። ካይልም አባቱ ነው፣ ጆን ደግሞ ያሳደገው፣ እንደ ወንድም የሚያየው አዛዡ ነበር። በአንድ ክፍል ውስጥ ሦስቱን አቁመሽ ዝም ብለሽ ካሜራውን ብትተዪው እንኳ ሰው ያለቅሳል። ጄኒሲስ ግን ጆን እውነቱን ከገለጠ በኋላ ጥቂት ቃላት አለዋውጧቸው ወደ ድብድብ ገባ። ከዚያ ወዲያ ጆን የሚሮጥ የብረት ዱቄት ነው። ሳራ ሐዘኑን የምትቀመጥበት አንድ ደቂቃ አልሰጣትም። እኔ ኤዲተሩን ብሆን ሌላው ቢቀር የድልድዩን ሲን ግማሽ ቆርጬ ለዚያ ደቂቃ እሰጠው ነበር፣ ግን መጀመሪያ መቀረጽ አለበት፣ ያልተቀረጸን ነገር ኤዲተር ከየት ያመጣል።

ብዙ ሰው ጥፋቱን ትሬለሩ ላይ ይለጥፋል። እውነት ነው፣ የጆንን ነገር ትሬለሩም ፖስተሩም አስቀድመው አወጡት፣ ዳይሬክተሩ ራሱ ሲኑን የቀረጸው ሰው እንዳያውቅ አስቦ እንደነበር ተናግሯል። ያሳዝናል። ግን ትሬለሩ ፊልሙን ገደለው በሚለው አልስማማም። የ2ኛው ትሬለርም እኮ አርኖልድ በዚህ ጊዜ ደጉ መሆኑን ለአሜሪካ ተመልካች አስቀድሞ ነግሯል። እኛ ጅማ ትሬለር የሚባል ነገር ስላላየን ያ ኮሪደር ካሜሮን እንዳሰበው ሆኖ ደረሰን። አሜሪካኖቹ ግን እያወቁ ገብተውም ወደዱት፣ ምክንያቱም ከምስጢሩ ሥር ሌላ ነገር ነበር፣ አባት የሌለው ልጅ አባት ሲያገኝ። ከጆን ምስጢር ሥር ምንም አልነበረም፣ ስለዚህ ምስጢሩ ሲወጣ ሁሉም አብሮ ወጣ።

ወሬ መብዛቱን ደግሞ አስተውለሽ ይሆናል። በ1 ላይም ብዙ የሚብራራ ነገር ነበር፤ ስካይኔት የሚባለው በሰው ላይ የተነሣው ኮምፒውተር፣ ጦርነቱ፣ ጊዜ ተሻግሮ መምጣቱ። ካሜሮን ይህን ሁሉ ካይል የሚናገረው መቼ እንዲሆን አደረገ? መኪና ውስጥ፣ ገዳዩ እየተከታተላቸው፣ ፓርኪንግ ውስጥ መብራት አጥፍተው ተደብቀው። አንቺ የምትሰሚው እየፈራሽ ነው፣ ማብራሪያ መሆኑ ትዝም አይልሽ። ጄኒሲስ ላይ ስለ ሌላ የጊዜ መስመር፣ ካይል ስላልኖረው ሕይወት ስለሚያስታውሰው ነገር ሽማግሌው አርኖልድ እንደ ሌክቸር ነው የሚያስረዳን። የቆርቆሮው ዝናብ በዚህ ፊልም ላይ ቢዘንብ ኖሮ ቪዲዮ ቤቱ ውስጥ አንድም ሰው አይገባውም ነበር።

ሌላም ነገር ጠፍቷል፣ ቀኑ። በ2 ላይ ሳራ የፍርድ ቀን፣ ስካይኔት ሰውን የሚፈጅበት ቀን፣ ኦገስት 29 ቀን 1997 ነው ትላለች። ይህን የነገረን አንድ የሰፈራችን ልጅ ነው፣ የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩቱ ተማሪ ነበር፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገና አልተቋቋመም። በእኛ ሲያሰላው ነሐሴ 23 ቀን 1989 ሆነ። አንድ ዓመት ቀርቶታል ማለት ነው። ያንን ዓመት ሙሉ ቀኑን አልረሳሁትም። የዚያን ቀን ማታ ሄጄ እናቴ አጠገብ ተኛሁ፣ ዝናቡን ስሰማ አደርኩ። ፊልም መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን ቀን ተቆርጦለት ነበር። 3ኛው ፊልም ቀኑን ወደ 2004 ገፋው። ጄኒሲስ ወደ 2017 ወሰደው። ከዚያ በኋላ የመጣው ዳርክ ፌት ጭራሽ ስካይኔትን ትቶ ሌጅን የሚባል ሌላ ማሽን አመጣ። በየጊዜው የሚራዘም ቀጠሮ ማን ይፈራዋል?

ለምን እንዲህ ሆነ ብትዪኝ ከስክሪፕቱ ጀርባ ያለውን ማየት አለብሽ። ካሜሮን 1ን ራሱ ዳይሬክት ለማድረግ ሲል የታሪኩን መብት ለፕሮዲዩሰሯ ጌል አን ኸርድ በ1 ዶላር ሸጠላት። ከዚያ ወዲህ መብቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ኖረ። የገዛው ሁሉ የራሱን አዲስ መጀመሪያ ይፈልጋል። የ2009ኙ ሳልቬሽን የአዲስ ሦስት ፊልም መጀመሪያ ተብሎ ታሰበ፣ መብቱን የያዘው ኩባንያ በዚያው ዓመት ከሰረ። የ2015ቱ ጄኒሲስም የሦስት ፊልም መጀመሪያ ነበር። የ2019ኙ ዳርክ ፌትም እንዲሁ። በአሥር ዓመት ውስጥ ሦስት «ክፍል አንድ» ተሠርቶ አንዱም ክፍል ሁለት አላገኘም! ሽማግሌውን አርኖልድ ወደ 1973 ማን ላከው? አይነግሩሽም። ለ2017 እና ለ2018 ለታሰቡት ፊልሞች አስቀምጠውት ነበር፣ ፊልሞቹ ተሰረዙ፣ መልሱም አብሮ ቀረ። ሰው ከፍሎ ገብቶ ግማሽ ታሪክ ይዞ እንዲወጣ ማድረግ ትክክል አይመስለኝም።

ገንዘቡንም በአጭሩ ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ወንድምሽ «440 ሚሊዮን አግኝቷል እኮ» ሊልሽ ይችላል። አዎ፣ በዓለም ዙሪያ ወደ 440 ሚሊዮን ዶላር ነው፣ ለመሥራት የወጣው 155 ሚሊዮን ገደማ። ግን ከአሜሪካ የተገኘው 90 ሚሊዮን እንኳ አልሞላም። ከቻይና 113 ሚሊዮን አካባቢ ነው፣ ከቻይና ቲኬት ደግሞ ለአሜሪካው ስቱዲዮ የሚደርሰው ሩብ ያህሉ ብቻ ነው። ማስታወቂያው፣ የሲኒማ ቤቶች ድርሻ ሲቀነስ የሚቀረው ተከታይ አያሠራም። ያ ድሮ ያየነው 2ኛው በ102 ሚሊዮን ተሠርቶ ወደ 520 ሚሊዮን አስገባ፣ አራት ኦስካርም ወሰደ፣ ያውም በ1991።

ስለ ዳርክ ፌት ጠይቀሻል። እዪው፣ ግን ተዘጋጅተሽ። ካሜሮን በፕሮዲዩሰርነት ተመልሷል፣ ሊንዳ ሃሚልተንም ሳራን ሆና ተመልሳለች፣ እሷ ስክሪን ላይ ባለችበት ሁሉ ፊልሙ ነፍስ አለው። ፊቷ ላይ ያለው መሸብሸብ ብቻውን ታሪክ ይናገራል። ችግሩ ገና ሲጀመር ጆንን ይገድሉታል። አክተር ሞተ፣ እንግዲህ ሕጉን ሰበሩት ትዪኝ ይሆናል። አይደለም። የካይልና የአርኖልድ ሞት ሌላ ሰው ገዝቷል፣ በምትካቸው የተረፈ አለ። የጆን ሞት ምንም ሳይገዛ በሁለት ደቂቃ ያልቃል፣ 2 ላይ የተከፈለውም አብሮ ይቃጠላል። ሕዝቡም ቀረ፣ ወደ 261 ሚሊዮን ብቻ አስገብቶ ከሰረ። አንዳንዶች ጄኒሲስ የተበላሸው ለልጆች እንዲሆን ደሙን ስለቀነሱት ነው ይላሉ። ዳርክ ፌት እንደ መጀመሪያዎቹ ለአዋቂ የተፈረጀ ነበር፣ አላዳነውም።

ሳልቬሽንን ዝለዪው ብዬ አልከለክልሽም፣ ግን ቅዳሜሽን አትስጪው። 3ኛው መጨረሻው ብቻ ድፍረት አለው፣ ለእሱ ስትዪ ልታዪው ትችያለሽ።

ለወንድምሽ ግን አንድ ነገር አድርጊለት። 2ን አሳዪው፣ እስከ ኮሪደሩ ድረስ ድምፁን ዘግተሽ፣ ምንም ሳትነግሪው። ደም አለበት፣ ከእናትሽ ጋር ተነጋገሪበት። ሁለት ቅጂ ታገኚያለሽ። ረጅሙ ውስጥ ግሩም የሆነ የመስታወት ሲን አለ፣ የሊንዳ ሃሚልተን መንታ እህት ሌስሊ የሠራችበት፣ እሱ ለአንቺ ይቆይ። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያይ ሰው በሲኒማ የታየውን፣ 137 ደቂቃውን ነው ማየት ያለበት።